ከገፈፋ በኋላ ምን ይተካል? የዓይን ውስጥ ሌንስ ምርጫ ታሪክ ከአርሲ ደጋ ሲታይ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ሲሰማ የሐኪም እንጂ የታሪክ መምህር ጉዳይ አይመስልም። የዓይን ሞራ ግርዶሽ የያዘው ሰው ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት፣ በደፈረሰው የተፈጥሮ ሌንስ ምትክ የትኛው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይግባለት? የሕክምና መጻሕፍት ይህን ጥያቄ በሌንሱ ጥሬ ዕቃ፣ በቅርጹና በዋጋው ይመልሱታል። እኔ የማነሣው ከዚያ አጠገብ ያለውን ጥያቄ ነው። በየዘመኑ ሌንሱን የመረጠው ማን ነበር? በምን ምክንያት? ሌንሱ የሚገባለት ሰውስ ተጠይቆ ያውቃል? ከአሰላ ሆነን ስናየው፣ ምርጫ የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በገበያ፣ በመሣሪያና በሰው ኃይል አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ለታካሚው የሚተርፈውና ብዙ ወጪ የማይጠይቀው አንድ ምርጫ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገረው ያልፋል። የምከራከረው ይህንኑ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ከቃሉ ልጀምር። ሞራ ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበን የታረደ በግ ወይም በሬ ሆድ ዕቃ ላይ የተነጠፈው ስስ የስብ መጋረጃ ነው። ሞራ ገላጭ ያንን መጋረጃ ዘርግቶ መጪውን ያነብባል፤ በኦሮሞ ሽማግሌዎችም ዘንድ ሞራ ማንበብ የታወቀ ዕውቀት ነው። በዓይን ብሌን ውስጥ የሚታየው ንጣት ይህን መጋረጃ ስለሚመስል በሽታው ሞራ መባሉ አያስገርምም። ሕክምናውንም ሰው “ገፈፋ” ይለዋል፤ ቆዳ እንደሚገፈፍ ሁሉ ሞራውም ይገፈፋል። ይህ አነጋገር የሚወጣውን ነገር በሚገባ ይናገራል፤ ስለሚገባው ነገር ግን አንዳች አይልም። ከቀዶ ሕክምና የተመለሰ ሰው “ሞራዬን አስገፈፍኩ” ሲል እንሰማለን። “ሌንስ አስገባሁ” የሚል ግን እምብዛም አይገጥመንም። እንግዲህ መኖሩን በማያውቀው ነገር ላይ ሰው እንዴት ምርጫ ሊያደርግ ይችላል?

ነገሩ የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። የዓይን ሌንስ ከብሌኑ በስተ ኋላ ተቀምጦ ብርሃንን በሬቲና ላይ የሚያሰባስብ ጥርት ያለ አካል ነው። ግርዶሹ በላዩ የተለበጠ ነገር ሳይሆን ሌንሱ ራሱ ሲደፈርስ የሚመጣ ነው። የደፈረሰውን ማውጣት ማለትም ዓይን ብርሃንን የሚሰበስብበትን ኃይል በከፊል አብሮ ማውጣት ነው። ጥንታዊው ዘዴ ሌንሱን በመርፌ ገፍቶ ወደ ዓይን ውስጠኛው ክፍል መጣል ነበር፤ ከሕንድ እስከ ምዕራብ አፍሪካ ለብዙ ምእት ዓመታት ተሠርቶበታል። ፈረንሳዊው ዣክ ዳቪየል በ1747 ሌንሱን ከዓይን ማውጣት ከጀመረ በኋላም ለ200 ዓመታት ያህል በባዶው ቦታ የሚተካ ነገር አልነበረም። ተተኪው ከዓይን ውጭ፣ በአፍንጫ ላይ የሚቀመጥ መነጽር ነበር።

የመነጽሩን ዘመን ቸኩለን ልናልፈው አይገባም፤ በሀገራችን ገጠር ትዝታው ገና አልጠፋም። ሌንስ ለሌለው ዓይን የሚታዘዘው መነጽር ኃይሉ 10 ዳይኦፕተርና ከዚያም በላይ ነው። እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረው ይህ መስተዋት የሚታየውን ነገር ሁሉ በሩብ ያህልና ከዚያም በላይ ያገዝፈዋል፤ በዳርና ዳሩም የማይታይ ቀለበት ይፈጥራል። ደረጃ የሚወርድ ሰው እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ይስታል፤ በጎን የሚመጣ ፈረስ ከየት መጣ ሳይባል ድንገት ፊቱ ይደቀናል። አንድ ዓይኑ ብቻ የታከመለት ሰው ደግሞ ሁለቱ ዓይኖቹ በመጠን የማይመሳሰሉ ሥዕሎች ስለሚያዩ ሊጠቀምበት አይችልም። ከሁሉ የከፋው መነጽሩ የሚጠፋና የሚሰበር መሆኑ ነው። በአጨዳ ወቅት ማሳ ላይ የወደቀ መነጽር ባለቤቱን ወደ ዕውርነት ይመልሰዋል፤ ሕክምናው የተሳካለት ሰው በቆጠራ ከዓይነ ስውራን ጋር ይመደባል። በዚያ ዘመን የሌንስ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ምርጫው በሞራና በመነጽር መካከል ነበር።

ይህን የለወጠው የሎንዶኑ ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪዎች የአውሮፕላናቸው ፕላስቲክ መስኮት በጥይት ሲደቅቅ ስብርባሪው ዓይናቸው ውስጥ ይገባ ነበር፤ ነሐሴ 1940 የሃሪኬን አብራሪው ጎርደን ክሊቨር የገጠመው ይህ ነው። ሪድሊ ያስተዋለው ስብርባሪው ለዓመታት በዓይን ውስጥ ቢቀመጥም እምብዛም ቁጣ እንዳላስነሣ ነው። ከዚሁ ፕላስቲክ፣ ማለትም ከፒኤምኤምኤ፣ ሌንስ አሠርቶ በኅዳር 1949 በሴንት ቶማስ ሆስፒታል በአንዲት ሴት ዓይን ሞከረው፤ በየካቲት 1950ም በቋሚነት አስገባላት። የዘመኑ ታላላቅ የዓይን ሐኪሞች ባዕድ ነገር ወደ ዓይን ማስገባት ከሙያው ሥርዐት ውጭ ነው ብለው ለረጅም ጊዜ ተቃወሙት።

ለርእሳችን ከሁሉ የሚጠቅመው ዝርዝር ግን ብዙ ጊዜ የማይነገረው ነው። ሌንሱ በሚገባ ቢቀመጥም ኃይሉ ተሳስቶ ነበር፤ ሴትዮዋ ከ18 ዳይኦፕተር ያላነሰ የቅርብ ዕይታ ተተከለባት። ሪድሊ የተፈጥሮ ሌንስን ቅርጽ ቀድቶ በፕላስቲክ ሲያሠራው ፕላስቲኩ ብርሃንን ይበልጥ የሚሰብር መሆኑ ሒሳቡን አዛባው። የመጀመሪያው የዓይን ውስጥ ሌንስ ችግር የጥሬ ዕቃ ሳይሆን የኃይል ምርጫ ችግር እንደነበር እናስታውስ፤ ወደዚሁ እመለሳለሁ። በነገራችን ላይ ሪድሊ በጦርነቱ ጊዜ በዛሬዋ ጋና በነበረበት ወቅት በገጠር ሰዎች ዓይን ላይ የወንዝ ዳር ዕውርነትን አጥንቷል። አፍሪካን አያውቅም ነበር ሊባል አይችልም። ፈጠራው ግን አፍሪካ ገጠር ለመድረስ ግማሽ ምእት ዓመት ፈጀበት።

ያዘገየው ምን ነበር? አንደኛው ዋጋ ነው። በ1980ዎቹ አንድ ሌንስ 100 ዶላርና ከዚያም በላይ ይሸጥ ነበር። ሁለተኛው የሀብታም ሀገር ሌንስ ለድሀ ሀገር አይሆንም የሚል እምነት ነው፦ ማይክሮስኮፕ ይጠይቃል፣ ክትትል ይፈልጋል፣ ስለዚህ ለብዙኃኑ መነጽር ይበቃል ተባለ። በዚህ ክርክር መካከል አንድ ማማለያ ቀረበ፤ ከብሌን በስተ ፊት የሚቀመጥ ሌንስ። ሌንሱን ከነከረጢቱ ለሚያወጣው አሮጌ ቀዶ ሕክምና የሚስማማ ስለሆነ ሐኪሙ አዲስ ጥበብ መማር አያስፈልገውም። በኔፓል ላሃን የተካሄደውና በ1997 በላንሴት የታተመው ጥናት ይህ ሌንስ በመንደር ሰዎች ዓይን ከመነጽር ጋር ሲነጻጸር የሚያዋጣ መሆኑን አሳየ። ያም ሆኖ መንገዱን የወሰነው ሌላ ነገር ነው፤ ከብሌን በስተ ኋላ፣ በተፈጥሮው ከረጢት ውስጥ የሚቀመጠው የተሻለ ሌንስ በዋጋ ወደቀ።

ዋጋው የወደቀው በራሱ አይደለም። በደቡብ ሕንድ ማዱራይ የአራቪንድ ዓይን ሆስፒታል በ1992 አውሮላብን ከፈተ። አውስትራሊያዊው ፍሬድ ሆሎውስ በ1987 ወደ ኤርትራ ተጉዞ የነጻነት ተዋጊዎቹን ሐኪሞች ሥራ ካየ በኋላ ሌንሱ እዚያው እንዲመረት ወጠነ። እሱ በ1993 ቢሞትም በ1994 በአስመራና በካትማንዱ የሌንስ ፋብሪካዎች ሥራ ጀመሩ። የአንዱ ሌንስ ዋጋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 10 ዶላር፣ ቆይቶም ወደ ጥቂት ዶላሮች ወረደ። ለእኛ እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ምጸት አለ። ለአርሲ ከሁሉ የሚቀርበው የሌንስ ፋብሪካ አስመራ ነበር፤ ከ1998ቱ ጦርነት በኋላ ግን ድንበሩ ለሃያ ዓመታት ያህል ተዘጋ። ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ ያለው ማዱራይ ከአስመራ ይልቅ ቀረበን።

ስለ ኢትዮጵያ ስናወራ መነሻችን የ2005-2006ቱ ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት ጥናት ነው። ከሕዝቡ 1.6 ከመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 ከመቶው ደግሞ ዕይታው የደከመ መሆኑን አገኘ። ከዓይነ ስውሩ ውስጥ ግማሽ ያህሉ፣ በጥናቱ አኃዝ 49.9 ከመቶው፣ ምክንያቱ የዓይን ሞራ ነው፤ 11.5 ከመቶው በትራኮማ ምክንያት የመጣ የኮርኒያ ጠባሳ ነው። ሐኪሞቹ በአብዛኛው አዲስ አበባ ነበሩ፤ ለረጅም ጊዜ የዓይን ሐኪም ማሠልጠኛው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበርና። ክፍተቱን ለመሙላት ሀገሪቱ የዓይን ሕክምና ነርሶችን የሞራ ቀዶ ሕክምና አስተማረች። ይህ ራሱ የሌንስ ውሳኔ ነው፤ ነርሱ በተማረው ዘዴ የሚገባ ሌንስ እንጂ ሌላ አይገዛም።

አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ጭላሎ ከአናቷ 4,000 ሜትር ያልፋል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 ከመቶ ያህል ይጨምራል፤ ይህ ጨረር ከአንዳንድ የሞራ ዐይነቶች ጋር መያያዙ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በጥናት ተረጋግጧል። ከዲገሉ፣ ከበቆጂ ወይም ከሮቤ የሚመጣው ገበሬ ባርኔጣውን ደፍቶ ስንዴና ገብስ ሲያርስና ሲያጭድ የኖረ ነው፤ ሚስቱ ደግሞ ዕድሜዋን በምድጃ ጢስ ያሳለፈች ናት። ሁለቱም የሚመጡት ዘግይተው ነው፤ ልጅ ካልመራቸው መንገድ መሄድ ሲያቅታቸው። ሐኪሙ የሚያገኘው ነጭ ወይም ቡናማ ሆኖ የጠነከረ ሌንስ ነው። በዚህ ላይ ትራኮማ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ቀልብሶት እንደሆነ ከሌንሱ በፊት እሱ መታከም አለበት፤ ጠባሳው ኮርኒያን አደብዝዞት ከሆነም ምንም ሌንስ የጠራ ዕይታ አይሰጥም።

የሚታጠፍ ነው ወይስ የማይታጠፍ የሚለው የዘመናችን ታላቅ ምርጫ እዚህ ላይ ትርጉሙን ይለውጣል። ቻርልስ ኬልማን በ1967 ያስተዋወቀው ፋኮ የሚባለው ዘዴ ሌንሱን በድምፅ ሞገድ ፈጭቶ በ3 ሚሊ ሜትር በማይሞላ ቀዳዳ ያወጣል፤ በዚያች ቀዳዳ የሚገባው ተጣጥፎ ነው። የማይታጠፈው ፒኤምኤምኤ ግን 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው በር ይፈልጋል። በጠነከረ ሌንስ ላይ የፋኮ ኃይል ሲበዛ የኮርኒያ ሕዋሳት ይጎዳሉ፤ መሣሪያው ውድ ነው፤ ኤሌክትሪክና ጥገና ይሻል። በኔፓል በ108 ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2007 የታተመው የሳንዱክ ሩይትና የባልደረቦቹ ንጽጽር እንዳሳየው፣ ፋኮና ስፌት የማይፈልገው ትንሽ ቀዳዳ የእጅ ዘዴ ከስድስት ወር በኋላ ተመሳሳይና እጅግ ጥሩ ውጤት ሰጡ፤ የእጁ ግን ፈጣንና ርካሽ ነበር። የሚታጠፍ ሌንስ ያልተገባለት የአርሲ ገበሬ ታናሽ ሕክምና ተሰጠው የሚል ሰው ካለ ይህን ጥናት ያንብብ።

እዚህ ላይ ከርእሴ ትንሽ ዘወር ልበል፤ ያለነው አሰላ ነውና። በ1967 በስዊድን ርዳታ በዚህች ከተማ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሁላችን ካዱ የምንለው፣ ለገበሬው ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር፣ መንገድና ምክር በአንድ ላይ ለማቅረብ ሞከረ። ውጤቱ ታየ፤ ነገር ግን በገንዘብም ሆነ በሠለጠነ ሰው ኃይል በሌላ አውራጃ ሊደገም እንደማይችል ስለታመነ በ1971 መንግሥት “አነስተኛ ፓኬጅ” የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። ሙሉውን ለጥቂቶች ወይስ ጥቂቱን ለብዙዎች? የዓይን ሌንስ ክርክር ይህንኑ ጥያቄ በሌላ ልብስ ያመጣዋል። ልዩነቱ፣ በሌንስ በኩል ጥቂቱ ከሙሉው ብዙም አላነሰም።

ያነሰበት አንድ ቦታ ግን አለ። ሌንሱ ከገባ በኋላ ከረጢቱ ራሱ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሊደፈርስ ይችላል፤ ሰው “ሞራው ተመልሶ መጣ” ይላል። ያግ ሌዘር ባለበት ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ሌዘር በሌለበት ግን ሰውየው ተመልሶ ይታወራል። በ1990ዎቹ የተሠሩ ጥናቶች ይህን የሚያዘገየው ከጥሬ ዕቃው ይልቅ የሌንሱ ጠርዝ ቅርጽ መሆኑን አሳዩ፤ ሹል ጠርዝ የሚያደፈርሱትን ሕዋሳት ያግዳል፣ ክብ ጠርዝ ያሳልፋል። ሹል ጠርዝ ያለው ፒኤምኤምኤም ይመረታል። የሆስፒታል ግዥ ክፍል “ሌንስ፣ ፒኤምኤምኤ” ብሎ ብቻ ሲያዝ፣ ያለሌዘር ለሚኖር ታካሚ ከሁሉ የሚበልጠው ዝርዝር ከሰነዱ ውጭ ይቀራል። የሌንስ ምርጫ በቀዶ ሕክምና ክፍል ብቻ የሚደረግ የሚመስለው ካለ የጨረታ ሰነድ ይመልከት።

ስለ ባለ ብዙ ትኩረት ሌንስ፣ ሩቁንም ቅርቡንም ያለመነጽር ያሳያል ስለሚባለው፣ ብዙ አልናገርም። ብርሃንን ከፋፍሎ ስለሚሠራ ንጽረትን ይቀንሳል፣ ማታ በመብራት ዙሪያ ቀለበት ያሳያል፤ እጅግ ትክክለኛ ልኬትና ጤናማ ኮርኒያም ይጠይቃል። የትራኮማ ጠባሳ ባለበት ዓይን ውስጥ ማስገባቱ ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን ወደ ሪድሊ ስሕተት ልመለስ። የሌንሱን ኃይል ለማስላት ሁለት ልኬቶች ያስፈልጋሉ፦ የዓይን ኳስ ርዝመትና የኮርኒያ ጥምዘት። በ1980 ሳንደርስ፣ ሬትዝላፍና ክራፍ ያወጡት ቀመር ይህን ሒሳብ ለማንም ሐኪም አቀለለው። በዚህ ቀመር ርዝመቱ በ1 ሚሊ ሜትር ሲሳሳት የሌንሱ ኃይል በ2.5 ዳይኦፕተር ይሳሳታል። ርዝመቱ 23.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ዓይን 20 ዳይኦፕተር ያህል ሌንስ ቢፈልግ፣ 22.5 የሆነው 22.5 ያህል ይፈልጋል። መለኪያው በሌለበት ወይም ሰልፉ በረዘመበት ዘመቻ ግን ለሁሉም 21 ወይም 22 ዳይኦፕተር ማስገባት በብዙ ሀገር የተለመደ ነበር። አንድ ልክ ጫማ ለመንደሩ ሁሉ እንደማደል ነው። አብዛኛው ይራመድበታል፤ ጥቂቱ ያነክሳል፤ ያነከሰውም ቀድሞ ምንም አያይ ስለነበር አመስግኖ ይሄዳል። ምስጋናው ነው ስሕተቱን ከመዝገብ ያጠፋው።

ልኬቱ ቢኖርም ሒሳቡ አንድ ነገር አይነግረንም፤ ዓይኑ ለየትኛው ርቀት ይስተካከል? ተራው ሌንስ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው አንድ ርቀት ነው። ልማዱ ለሩቁ ማስተካከል ነው፤ ከብቶቹን ከማሳው ጫፍ ለሚቆጥር ሰው ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ዳዊት የሚደግሙ መሪጌታ፣ ቁርአን የሚያስቀሩ ሼህ፣ ጥጥ የምትፈትል እናት፣ ገበያ ዳር ስንጀር ላይ የሚውል ልብስ ሰፊ አሉ። ለእነዚህ 2 ዳይኦፕተር ያህል የቅርብ ዕይታ ሆን ተብሎ ቢተውላቸው 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለመነጽር ያነብባሉ፣ ይሠራሉ። ወይም አንደኛው ዓይን ለሩቅ፣ ሁለተኛው ለቅርብ ሊስተካከል ይችላል። የማንበቢያ መነጽር በቀላሉ በሚገኝበት ከተማ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። መነጽር ለመግዛት የቀን መንገድ ለሚሄድ ሰው ግን ሥራውን መቀጠልና ማቆም ማለት ነው። ይህን ለመምረጥ ውድ ሌንስ አያስፈልግም፤ ያው የጥቂት ዶላር ሌንስ ነው፣ ሣጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ይለያል። የሚያስፈልገው ከልኬቱ ሌላ በኦሮምኛም በአማርኛም ሊጠየቅ የሚችል አንድ ጥያቄ ነው፦ “አባባ፣ የዕለት ሥራዎ ምንድን ነው? ዓይንዎ ሲበራ አርቀው ነው ወይስ አቅርበው ማየት የሚፈልጉት?”

ተማሪዎቼ “ታዲያ ለምን አይጠየቅም?” እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አንዱ ምክንያት ጊዜ ነው፤ ሌላው ቀደም ብዬ ያነሣሁት የገፈፋ ቋንቋ ነው። ሦስተኛው ግን እምብዛም ያልታየ ነው፤ የአቆጣጠር ሥርዐቱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለረጅም ጊዜ ከቀዶ ሕክምና በኋላ 6/18 ያየን ሰው እንደ ጥሩ ውጤት ሲቆጥር ነበር። በ2021 የዓለም ጤና ጉባኤ በ2030 “ውጤታማ የሞራ ቀዶ ሕክምና ሽፋን” በ30 ነጥብ እንዲያድግ ሲወስን መስፈሪያው ወደ 6/12 ከፍ አለ። መልካም ነው፤ የአንድ ልክ ሌንስን ስሕተት ያጋልጣል። ሆኖም ሁለቱም መስፈሪያዎች የሚለኩት ሩቁን ብቻ ነው። ለዳዊታቸው ሲባል በፈቃዳቸው የቅርብ ዕይታ የተተወላቸው መሪጌታ፣ ግድግዳ ላይ ባለው ሰሌዳ ሲለኩ ሕክምናቸው እንዳልተሳካ ይቆጠራሉ። የፈለጉትን ያገኙ ሰው በሠንጠረዡ የከሸፉ ናቸው፤ ሳይጠየቅ ለሩቅ የተስተካከለለትና ስፌቱን የተወው ልብስ ሰፊ ደግሞ ስኬት ነው።

ለታሪክ ተመራማሪ ይህ የምንጭ ችግርም ነው። እያንዳንዱ ሌንስ ከሣጥኑ ጋር ተለጣፊ ወረቀት ይመጣለታል፤ አምራቹ፣ ኃይሉና መለያ ቁጥሩ ተጽፎበታል፣ በታካሚው ካርድ ላይም ይለጠፋል። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ የአርሲን ደጋ ዓይን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ከማዱራይ ምን ያህል፣ ከሌላ ሀገር ምን ያህል እንደመጣ፣ 21 ዳይኦፕተር የበዛበት ዓመት የቱ እንደሆነ ከእነዚህ ተለጣፊዎች ማንበብ ይችላል፤ ካርዶቹ ካልተቃጠሉ። ከተለጣፊው በላይ ባለው የሥራ ዓይነት በሚለው ክፍት ቦታ ላይ ግን ለሁሉም “ገበሬ” ተብሎ ተሞልቶ ወይም ባዶውን ቀርቶ ከሆነ፣ ሌንሱ ለማን እንደተመረጠ ሊያውቅ አይችልም።